ዲ ላይ የነበረው የአባቴ ቃል

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳዲቅ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ እናትህን ሀናንም እንኳን አደረሳት። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ማድ ቤት ቆሞ እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። ሀራሙስ ያሉት አዲሶቹ አሠሪዎቼ ከሰዓት በኋላ ስለሚለቁኝ ማደሪያዬ አሁን እዚሁ ሰባት ቢስ የተከራየኋት ክፍል ናት።

ያቺ ፈረንሳዊት ማዳም ስትሄድ የሰጠችኝ፣ አንተም ባለፈው ዓመት ለጥምቀት መጥተህ ያስተካከልክልኝ ኮምፒውተር እስካሁን ይሠራል። አሁን እንጀራ ላበላበት አስቤያለሁ። በየቤቱ ተቀጥረው ያሉት የአገራችን ልጆች ማመልከቻና የሥራ ውል የሚጽፍላቸው አጥተው ይንከራተታሉ። ማሽኑ ግን ከፈረንሳይኛ በቀር አያውቅም። አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም በፍላሽ አድርገህ፣ አጫጫኑንም በወረቀት ጽፈህ፣ በሾፌሩ በጀንበሬ መኪና ላክልኝ። በስልክ አትንገረኝ። ባለፈው በስልክ ያወራሁትን በማግስቱ ሰፈራችሁ ገንደ ቆሬ ሙሉ ሰምቶት ነበር። ማን እንዳወራው አልጠይቅም።

ሌላው፣ የቤተ ዘመድ ጉባኤው ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ መሆኑን ሰምቻለሁ። አያትህ፣ አባቴ፣ እናንተ ያላችሁበትን ቤት ለእኔ መስጠቱን በሽማግሌዎቹ በጋሽ ካሣና በጋሽ አበባው ፊት ተናግሯል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሲናገር ግን በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ስልኩ ባሕር ቢገባም ቪዲዮውን አስቀድመህ ወደ ኮምፒውተሩ አውርደህልኛል። ሳታይ አውርድ ብዬህ፣ ሳላይ አወረድኩ ብለኸኛል። እኔም አምኜሃለሁ።

እናትህ እስከ መስከረም ሌላ ቤት ብታፈላልግ መልካም ነው። ሸጬው ከዚህ አገር ሙቀት ልውጣበት።

አክስትህ አፀደ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አፀደ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴን በጣም ናፍቀዋታል። ደብዳቤዎን አነበብኩላት፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን ዘለልኳት። ግፊቷ ሰሞኑን ከፍ ብሏል።

ፕሮግራሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፌስታል የተጠቀለለው ፍላሽ ውስጥ አለ። ፍላሹን ሲሰኩ ሰማያዊ ምልክት ያለው ፋይል ያያሉ፤ ሁለት ጊዜ ይጫኑት። ብዙ ይጠይቅዎታል፤ ሁሉንም «ስዊቫን»፣ ቀጥል፣ እያሉ ይለፉት። አንድ ቦታ ላይ ግን ይቁሙ። የት ልቀመጥ ብሎ የሚጠይቅበት አለ፤ ራሱ ሲ ብሎ ጽፎ ይጠብቅዎታል። እዚያ ላይ «ስዊቫን» አይበሉ። «ፓርኩሪር» የሚለውን የቦታ መምረጫ ተጭነው ሲን ይተዉና ዲን ይምረጡ። ኮምፒውተሩን ሳስተካክል ሲ እና ዲ ብዬ ለሁለት መክፈሌን ያስታውሳሉ። አደራ፣ ዲ ላይ ይሁን። ሲ ላይ አይጫኑት።

ስለ አባባ ክፍሌ ቪዲዮ የጻፉትን አንብቤያለሁ። ጉባኤው ላይ የሚያሳዩት ሙሉውን ነው? ይህን የምጠይቀው ዘመዶች እንዳይጠይቁዎት ብዬ ነው።

አክባሪዎ ዮሳዲቅ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሳዲቅ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። የእናትህን ግፊት እግዚአብሔር ዝቅ ያድርግላት። ጨው እንድትቀንስ ንገራት።

ፍላሹ ደርሶኛል። ፌስታሉ ላይ የለጠፍከው ፕላስተር ጫፉ ተነስቶ ነበር። ጀንበሬ «ሙቀቱ ነው እትዬ» አለኝ። ሙቀቱ ብዙ ነገር ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ፕላስተር መልሶ አጣጥፎ ሲለጥፍ ግን አላየሁም።

ፕሮግራሙን ገና አልጫንኩትም። አንተ በአንድ ገጽ ላይ ዲ፣ ዲ ስትለኝ እኔም ለምን ዲ ብዬ ቆምኩ። የቀረው ነገር ሁሉ ዝም ብለሽ እለፊ፣ እዚህ ላይ ብቻ ቁሚ፣ ይህን ለውጪ። ፕሮግራሙ ራሱ ሲ ልቀመጥ እያለ ለምን ተከልክሎ ወደ ዲ ይሄዳል? ዲ ላይ ምን እንዳለ አንተም እኔም እናውቃለን።

ጎረቤቴን ሁዳን ጠራኋት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ፈረንሳይኛ አሳምራ ታነባለች። የጻፍከውን ተረጎምኩላት። መቀሷን አስቀምጣ፣ «አፀደ፣ እንግዳ መጥቶ ሳሎን ተቀመጥ ሲሉት መኝታ ቤት ልቀመጥ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አንተ መልስላት።

ሙሉውን ነው ወይ የምታሳዪው ብለህ መጠየቅህም ገርሞኛል። ያላየኸው ነገር ሙሉ ይሁን ጎዶሎ በምን አወቅህ?

አፀደ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አፀደ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የዘገየሁት ጀንበሬ ድንበሩ ደወሌ ላይ አምስት ቀን ተሰልፎ ስለነበር ነው። ከርስዎ ወደ እኔ ሲመጣ ማለቴ ነው። ከእኔ ወደ ርስዎ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አላውቅም።

ደብዳቤዎ አሳዝኖኛል። ምክንያቱን ሳልጽፍ መቅረቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ሲ የማሽኑ የራሱ ቦታ ናት። ማሽኑን የሚያስነሳው ነገር ሁሉ የሚኖረው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ሲ ጠባብ ናት፤ ስትሞላ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ያን ጊዜ ጠጋኝ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሲን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናታል። ዲን ግን አይነካትም። ስለዚህ የሰው ዕቃ ዲ ላይ ይቀመጣል። ፕሮግራሙም ዲ ላይ ይሁን ያልኩት ለሲ ቦታ እንዲተርፋት ነው። አብሮ የተቀመጠ ፕሮግራም የሌላውን ፋይል አያይም፣ አይበላም። ለወይዘሮ ሁዳም እንዲሁ ይንገሩልኝ።

በጅቡቲው የክረምት ሙቀት የማሽኑ ቬንትሌተር ቢጮህ አይደንግጡ፤ ማሽኑን እያቀዘቀዘው ነው። አባባ ክፍሌ «አጥፉልኝ፣ ድምፄን ይበላብኛል» እንዳሉት ካላስቸገረዎት በቀር ይተዉት።

እናቴ አሁንም ስለ ቤቱ ምንም አልሰማችም። ጓሮውን አጥራ ቃሪያ ተክላለች። ለርስዎ ደርቆ ይላካል ትላለች።

አክባሪዎ ዮሳዲቅ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮሳዲቅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ብዙ አልጽፍም።

«አጥፉልኝ፣ ድምፄን ይበላብኛል» ያልከውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። አባቴ ይህን የተናገረው በሕይወቱ አንድ ቀን ነው። ስልኬን አቅንቼ መቅረጽ እንደጀመርኩ፣ ቬንትሌተሩን በእጁ እያሳየ። እናትህ የዚያን ቀን ለጋሽ ካሣና ለጋሽ አበባው ለስላሳ ልትገዛ ወጥታ ነበር። አንተ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ነበርክ። ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ነበርን፤ ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለማንም አልነገርኩም።

መቼ አየኸው? ስታወርድልኝ ነው ወይስ በኋላ? አልጋዬን ለቅቄልህ መሬት የተኛሁባቸው አሥራ አንድ ቀናት ትዝ አሉኝ። ዓሣ የጠበስኩልህም ትዝ አለኝ፤ ቆጨኝ።

አሁን ልንገርህ። ፕሮግራምህን አልጫንኩትም፣ አልጭነውምም። ዲ ላይ ያለኝን ሁሉ፣ ቪዲዮውን፣ ፎቶውን፣ ማዳም የተወችውን ፊልም ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር ቆርጬ ወደ ሲ አዛውሬዋለሁ። ዲ ዛሬ ባዶ ናት። አንተ ነህ ሲ የማሽኑ የራሱ ቦታ ናት ያልከኝ። የአባቴ ቃልም እዚያው ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ። አንተ ወደ ዲ ስትገፋኝ እኔ ወደ ሲ ሄጃለሁ።

ለእናትህ ቃሪያውን አትድከሚበት በላት።

አፀደ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አፀደ፤

የጠየቁኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ፤ እንደሚገባኝም ይስደቡኝ። አሁን ግን በእግዚአብሔር ስም፣ ይህ እንደደረሰዎ ያዛወሩትን ሁሉ ወደ ዲ ይመልሱ። ሲ ያን ሁሉ አትችልም። ማሽኑ አልነሳ ካለም ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት ዕቃዬ ሲ ላይ ነው ብለው ይናገሩ። ስልክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሱም። ጀንበሬ ዛሬ ጭነት የለኝም ስላለኝ ለሌላ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ።

ዮሳዲቅ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሳዲቅ፤

ሰላምታዬ ለአንተም ለእናትህም ይድረሳችሁ።

የሰኔ አሥራ አምስቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። የሰጠኸው ሾፌር ፒኬ ዱዝ መኪና ማቆሚያ ላይ ሦስት ሳምንት በኪሱ ይዞት ዞሯል። እኔም ስልክህን እያየሁ ሳላነሳ ቀርቻለሁ።

ማሽኑ የዛሬ ሁለት ሳምንት አልነሳም አለ። ጥቁር ሆኖ አንድ ነጭ መስመር ያበራና ያጠፋል። መጀመሪያ አንተን ረገምኩ፤ ፍላሹን እንኳ ሳልሰካው። ከዚያ ካርቲየ ሰባት፣ ጫት ሻጮቹ ከተደረደሩበት ጀርባ ዘከሪያ የሚባል ጠጋኝ አለ ብለውኝ ተሸክሜ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃ ሰጥቶ አስቀመጠኝ። ከፍቶ አየውና፣ «ማማ፣ ዕቃሽ የት ነው ያለው? ሲ ላይ ነው ዲ ላይ?» አለኝ።

ዮሳዲቅ፣ ምን እንደመለስኩለት ልንገርህ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ዕቃዬ ያለበትን ለምን ይጠይቀኛል ብዬ፣ «ምንም ዕቃ የለኝም» አልኩት። «ሱር?» አለኝ በፈረንሳይኛ፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። አዎ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ አዎ አልኩት፤ እንዲያውም ተቆጣሁት። እሱም ሲን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫናት። ዲን ግን አልነካትም። ባዶዋን እንዳስቀመጥኳት ባዶዋን አገኘኋት።

ኋላ እያለቀስኩ ብመለስ በቻለው ሁሉ ሞከረ። የማዳምን ልጆች ፎቶ ግማሽ ግማሹን አወጣልኝ። አባቴ አልተገኘም።

የቤቱን ነገር እንኳ ተወው። ከቤቱ ይልቅ የከበደኝ ድምፁ ነው። ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቼ አላየሁትም ነበር፤ አለ ብዬ ነበር የምኖረው።

ጉባኤው ነሐሴ 18 እሑድ ነው ብላ ዘመዳችን ትርሲት ነግራኛለች። ባዶ እጄን ምን ብዬ እንደምመጣ አላውቅም። የቬንትሌተሩን ነገር ያወቅህ ሰው ሌላም ታውቅ ይሆናል። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታድርገኝ።

አክስትህ አፀደ


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አፀደ፤

እግዚአብሔር ያጽናናዎት። ጉልበትዎንም ይማርልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ጀንበሬ ሁለት ጊዜ «የሚላክ አለ?» ብሎ በር ላይ ጠይቆኝ የለም ብዬዋለሁ። ስለ መንገድና ስለ ወረፋ ሰበብ ልጽፍልዎ እችል ነበር፤ ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ከራሴ ጋር ስመክር ነበር።

ሳላይ አወረድኩ ያልኩት ውሸት ነው። ቪዲዮውን ርስዎ ሀራሙስ ሥራ ላይ በነበሩበት ቀን አየሁት። አይቼም ዝም አላልኩም፤ ገልብጬ በራሴ ፍላሽ ይዤው መጣሁ። አልጋዎን ለቅቀውልኝ፣ ዓሣ ጠብሰው አብልተውኝ፣ ይህን አደረግሁ። ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ለምን እንዳደረግሁትም ይወቁልኝ። ከርስዎ ሁልጊዜ የምንሰማው «አባቴ ቤቱን ለእኔ ሰጥቷል» የሚለውን ብቻ ነው። እሱ እውነት ነው፤ አባባ ክፍሌ እንዲያ ብለዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠጡ። ከዚያ፣ «ምራቴ ሀና አምስት ዓመት አንስታ አስተኝታኛለች፣ አጥባኛለች። እሷ በሕይወት እስካለች ማንም ከዚህ ቤት እንዳያስወጣት። አፀደ፣ ሰምተሻል?» አሉ። ካሜራው የርስዎን ፊት አያሳይም። ድምፅዎ ግን አለ፤ «ሰምቻለሁ አባዬ» ይላል።

ይህንን ሁለተኛውን ቃል ለእናቴ ይነግሯታል ብዬ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ። አልነገሯትም። ሌላ ቤት ትፈልግ ብለው ሲጽፉ፣ ይቺ ቪዲዮ አንድ ቀን ከወገቧ ተቆርጣ ጉባኤ ላይ ትቀርባለች ብዬ ፈራሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ምንም አታውቅም። አባባን ያስታመመችው ቤት አገኛለሁ ብላ አይደለምና እንድታውቅም አልፈለግሁም።

እነዚህን ዘጠኝ ቀናት የመከርኩት ግን ሌላ ነው። ርስዎ ጋ ቪዲዮ የለም፤ ሽማግሌዎቹም የሉም። እኔ ዝም ብል ጉባኤው ቤቱን ለሚኖርበት ሰው ያጸናዋል። እናቴ እስክትሞት ሳይሆን ለዘለዓለም፤ ከእሷም ወደ እኔ ይመጣል። ይህን አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩትም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ትናንት እናቴ ቃሪያውን ጣራ ላይ አስጥታ፣ «የአፀደን ለብቻው አድርጌዋለሁ፣ እንዳትነካው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መምከር አቃተኝ።

ፍላሹ ይኸውልዎ። ሙሉውን ነው፤ አልቆረጥኩትም። ጀንበሬ በእጅዎ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ቃሪያውም አብሮ አለ።

ዲ ላይ ያስቀምጡት። ይህን ያህል እንኳ ይመኑኝ።

ዮሳዲቅ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሳዲቅ፤

የፍልሰታ ጾም በረከት ይድረሳችሁ።

ይህ በማሽን የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፤ ግድፈቱን እለፈው። ፕሮግራሙን ትናንት ጫንኩት። የት ልቀመጥ ሲለኝ «ፓርኩሪር» ብዬ ዲን መረጥኩ። ሁዳ አጠገቤ ቆማ፣ «መኝታ ቤት አስገባሽው ማለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ቪዲዮውም እዚያው ዲ ላይ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አየሁት። አባቴ «አጥፉልኝ» ሲል ሳላስበው ተነስቼ የራሴን ቬንትሌተር አጠፋሁ። በዚህ ሙቀት።

ተቀይሜሃለሁ። ሰርቀኸኛል፣ ዋሽተኸኛል፣ ዓመት ሙሉም «አክባሪዎ» እያልክ ፈርመህልኛል። ግን ባትሰርቀኝ ኖሮ አባቴን ዛሬ አልሰማውም ነበር። ይህን ነገር ከየትኛው ወገን እንደምይዘው ገና አላወቅሁም።

አንተ የፈራኸው እውነት ነው። ሁዳ ቪዲዮ እንዴት እንደሚቆረጥ ግንቦት ላይ በማዳም ፊልም አሳይታኛለች። ውሃ የጠጣበት ቦታ ላይ ላቆመው ነበር። ሲቆረጥም አያስታውቅም፤ አንድ ሽማግሌ ተናግሮ ጨረሰ ያሰኛል። ክፉ ሆኜ አይደለም ልልህ ነበር፤ ተውኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ወለል ስወለውል፣ አንድ ቀን በራሴ ቤት በር ላይ ቁጭ እላለሁ ብዬ ነው የቆየሁት። እናትህ ካለችበት ቤቱን መሸጥ አልችልም፤ ካልሸጥኩት ደግሞ ከዚህ አገር መውጫ የለኝም። ያን ቀን «ሰምቻለሁ አባዬ» ያልኩት እኔ ነኝ። ትናንትም ሰማሁት። ከዚያ እጄ ደግሞ መቁረጫዋ ላይ ሄደ፣ ዮሳዲቅ። ትናንት! አንተ ያንን ሁሉ ጽፈህልኝ፣ የእናትህ ቃሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ።

አልቆረጥኩትም። ግን ጉባኤው እስኪደርስ አሥራ ሁለት ቀን አለ፤ ጉልበቴ በየቀኑ ያመኛል፤ ማሽኑም ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። አንተ ጋ ሌላ ግልባጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ የለም ብለህ እንዳትጽፍልኝ። እሱን አታጥፋው። እሑድ ዕለት ይዘኸው ና፤ ከበስተኋላ ተቀመጥ። እኔ የያዝኩት ውሃው ጋ ሲደርስ ካቆመ፣ ተነስና ያንተን አሳይ።

እስከዚያ ድረስ እንዳታምነኝ።

አክስትህ አፀደ